ከጭድ ውስጥ የወጣው ኦርጋን

አቧራ ሲግል የራሱ ሽታ አለው። ለብዙ ዓመት ተዘግቶ የኖረ ኦርጋን ኤሌክትሪክ ሲገባለትና ትራንስፎርመሩ ቀስ እያለ ሲሞቅ፣ በላዩ የተኛው አቧራ እንደሚታመስ ገብስ መሽተት ይጀምራል፤ ትንሽ ቆይቶ የቫርኒሽና የአሮጌ ሽቦ ሽታ ይጨመርበታል። ባለፈው ወር ለቡ መብራት ኃይል፣ አንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ይህ ሽታ አፍንጫዬ ገባ። ወንበር ስጪኝ አልኩ። የቤቱ ባለቤት ደረጃው ያደከመኝ መስሏት ውሃ ልታመጣ ሮጠች። ደረጃውስ በእርግጥ አድክሞኛል፤ ሰባ አምስት ዓመት የሞላው ሰው አራት ፎቅ ሲወጣ ትንፋሹ ሦስተኛው ላይ ይቀራል። ያስቀመጠኝ ግን ደረጃው አልነበረም።

ወደዚያ ቤት የወሰደኝ አንድ ስልክ ነው። የማላውቀው ቁጥር ደወለና የሴት ድምፅ፣ «ጋሽ በላቸው ኖት? ኦርጋን የሚሠሩት?» አለኝ። ሥራውን ከተውኩት ቆይቻለሁ፤ አሁን መካኒሳ አቦ አካባቢ ከልጄ ቤት ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ የጎረቤት ሬዲዮና የካውያ ገመድ እየጠጋገንኩ ነው የምውለው። ዘነበች እባላለሁ አለችኝ፣ የገመቹ ልጅ። ተወርሶ የነበረው የቤተክርስቲያናቸው ሕንፃ የተመለሰበት በዓል ስለደረሰ በዚያ ክፉ ዘመን ያገለገለው አሮጌ ኦርጋን ለአንድ እሁድ እንኳን እንዲሰማ ተፈልጓል፤ ብዙ ሰው ጠይቃ ስሜን የሰጧት ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ኪቦርድ የሚሸጡ ልጆች ናቸው። እኔም አፌን ሞልቼ፣ «የትኛው ገመቹ?» አልኳት። የትኛው እንደሆነ ግን ስሙን እንደጠራችው አውቄ ነበር። ከአርባ ዓመት በኋላም መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ውሸት መሆኑን ሳስበው አሁንም ያሳፍረኛል።

ያን ጊዜ ሱቄ ከቄራ ወደ መካኒሳ በሚወርደው መንገድ ዳር ነበረች። ሱቅ ማለቴ ለክብሯ ነው እንጂ ሦስት ጎኗ ቆርቆሮ፣ አንዱ ጎኗ የሰው አጥር የሆነ ክፍል ናት። ከፊቷ ሻይ ቤት ነበረ፤ ሻይና ፓስቲ ይዞ ግማሽ ቀን መቀመጥ ይቻላል፣ ማንም ተነስ አይልህም። መካኒሳ ያኔ ከአቦ በታች እርሻ ነው። ጠዋት ወተት የጫኑ አህዮች ይወጣሉ፣ ማታ ባዶ ጣሳቸውን እያንኳኩ ይመለሳሉ። እኔ በደጉ ጊዜ የሰፋሁትን ቡናማ ቤልቦቶም ሱሪ ተረከዙ እስኪያልቅ ለብሼዋለሁ፤ ካኪ የሚለብሰው ሲበዛ እንኳን አልቀየርኩትም፣ ሙዚቀኛ መምሰል እወድ ነበራ። መጫወት አልችልም። ጣቴ ብየዳ እንጂ ዜማ አያውቅም። ግን በከተማው ያሉት ኦርጋኖች አብዛኞቹ በእኔ እጅ ስለሚያልፉ ተጫዋቾቹ ከእኔ ጋር ሻይ ይጠጣሉ፣ ትከሻዬን ይመታሉ፣ «ኢንጂነር» ይሉኛል። ያቺ «ኢንጂነር» የምትባል ቃል ምን ያህል እንዳበላሸችኝ ቀጥሎ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ግን ኦርጋኑ ራሱ ምን እንደሆነ ልናገር፣ ካለዚያ ጥፋቴ አይገባችሁም። የዛሬ ልጆች ኪቦርድ ውስጥ ሁሉም ድምፅ በአንዲት ጥፍር የምታክል ነገር ውስጥ ተጠቅልሎ አለ፤ ከተበላሸ ይጣላል። የኛ ዘመን የጣሊያን ኦርጋን እንደዚያ አይደለም። ክዳኑን ስታነሱት አሥራ ሁለት ካርዶች በሰልፍ ቆመው ታያላችሁ፣ ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ። የዶ ካርድ አለ፣ የሬ ካርድ አለ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። እያንዳንዱ ካርድ የድምፁን የመጨረሻ ቀጭን ያመነጭና ለሁለት እየከፈለ፣ እየከፈለ ወደ ታች ወደ ወፍራሙ ያወርደዋል። ስለዚህ የፋ ካርድ ከሞተ አንድ ቁልፍ ብቻ አይደለም የሚሞተው፤ ከግራ እስከ ቀኝ ያለው ፋ ሁሉ ዝም ይላል። ድምፁን የምትቃኙት በካርዱ ጥቅል ውስጥ ያለችውን ጥቁር ቡሎን በማዞር ነው፤ በብረት ካቻቪቴ ከነካችኋት ብረቱ ራሱ ድምፁን ያዛባዋል፣ እጃችሁን ስታነሱ ሌላ ይሆናል። የኔ ካቻቪቴ ከጥርስ ብሩሽ እጀታ የተሞረደ ነበር። ከቁልፎቹ ሥር ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሽቦዎች አሉ፤ ቁልፉ ሲጫን ይነካካሉ። እነሱ ሲቆሽሹ ድምፁ ይንተባተባል። ሰው ዘይት ያፈስባቸዋል፣ ላምባ ያፈስባቸዋል፣ አንዱ የሠርግ ባንድ ቫዝሊን ቀብቶ አምጥቶልኛል። አታድርጉት። ንጹሕ ወረቀት በስፒሪቶ አርጥባችሁ በሁለቱ ሽቦ መካከል አስገብታችሁ ቀስ አድርጎ መሳብ ነው፣ አለቀ።

ላምቤቦ የሚባል ከሆሳዕና ወገን የመጣ ልጅ፣ ለመካኒሳ ጴንጤዎች ኦርጋን ይጫወት ነበር። የጸሎት ቤቶቹ የታሸጉ ሰሞን ኦርጋኑን ከመወረሱ በፊት በጋሪ አውጥቶ ወሰደው፤ ግን የት ያድርሰው? የተከራያት ክፍል ከአልጋው ሌላ አትይዝም። የቤቱ ባለቤት ኦቦ ገመቹ ናቸው፣ ከአባት ከአያት ጀምሮ እዚያው ያረሱ ሰው። እምነታቸው ሌላ ነው፤ የአቦን ማኅበር የሚጠጡ፣ ዓመቱን ጠብቀው የሚደግሱ ናቸው። ነገር ግን በዚያ ሰፈር አደራ ማስቀመጥ የፈለገ ሁሉ የሚሄደው እሳቸው ዘንድ ነው። የዕድሩ ድንኳንና ድስት እሳቸው ቤት ነው፣ የአንዲት ባልቴት ዘር እህል እሳቸው ጎተራ ነው፣ ከሚስቱ የተጣላ ሰው የመሬት ወረቀቱን እሳቸው ሳጥን ውስጥ ነው የሚከተው። ላምቤቦ ሲለምናቸው ምንም አልጠየቁም አሉ። ከጎተራው ወለል ላይ እንጨት ረበረቡ፣ በላዩ ሰሌን አነጠፉ፣ ኦርጋኑን በቁርበት ጠቅልለው አስቀመጡና እስከ ጣሪያ ጭድ ሞሉበት። ተፈትሸው ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚደርስባቸው ያውቃሉ። ሁለት ክረምት እንዲያ አለፈ።

ከዚያ ምእመናኑ በየቤቱ ተደብቀው መዘመር ሲጀምሩ ኦርጋኑ ወጥቶ ወደ እኔ መጣ። ኦቦ ገመቹ ራሳቸው ናቸው በአህያ ጋሪ ያመጡት፣ ከላይ ድንች ጭነውበት። ክዳኑን ስከፍት ተገረምኩ። አንዲት የሻጋታ ምልክት የለችበትም። አይጥ አልነካውም፣ ዝገት የለም፣ እንጨቱ አላበጠም። ጉድለቱ የቆመ ኦርጋን ሁሉ ያለበት ጉድለት ነው፤ ሁለት ኮንደንሰር ደርቋል፣ ሽቦዎቹ አቧራ ይዘዋል። በሁለት ቀን ጨረስኩት። አሥራ ሁለቱም ካርዶች እንደ ቄስ ተማሪ ተራቸውን ጠብቀው ጮኹ። ላምቤቦ መጥቶ እስኪወስደው ድረስ ጥግ ላይ አቆምኩት፤ ሳቆመው ከእጄ አምልጦ ግራ ጎኑን ጫርኩት፣ ያቺ ጭረት እስካሁን አለች።

በማግሥቱ የአንድ ትልቅ ሆቴል ባንድ አለቃ ሱቄ መጣ። ሸሚዙ እስከ ደረቱ ተከፍቷል፣ ከሻይ ቤቱ ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያየዋል። የዚያ ባንድ ኦርጋን ከላምቤቦ ኦርጋን ጋር ከአንድ ፋብሪካ የወጣ፣ መንትያው ነው። አንዱ እንግዳ ቢራ ደፍቶበት የፋ ካርድ ተቃጥሏል። ቅዳሜ የውጭ እንግዶች አሉ፣ ዘፋኛቸው ደግሞ ድምፁ የሚመቸው ከፋ ተነስቶ ነው። መለዋወጫ ከየትም አይመጣም፣ ስኳር እንኳን በወረፋ በሆነበት ዘመን የኦርጋን ካርድ ማን ያስመጣል? አለቃው ትከሻዬን ያዝ አድርጎ፣ «ኢንጂነር፣ ቅዳሜ ከመድረኩ ሥር የአንተ ጠረጴዛ አለ» አለኝ። ዓይኔ ወደ ጥግ ሄደ። ማንም አላስገደደኝም። ማንም አላስፈራራኝም። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ፈርቶ ብዙ ነገር አድርጓል፤ እኔ ግን ይህችን ያደረግኳት ጠረጴዛ አምሮኝ ነው።

ለራሴ ያቀረብኩት ምክንያት ደግሞ ጥሩ ነበር፣ ሲፈልጉት ይገኛል መቼስ። የኛ አገር ዜማ በአምስት ድምፅ ያልቃል፤ ትዝታውም ባቲውም አምስት ነው። አሥራ ሁለት ካርድ ላለው ኦርጋን ሰባቱ ትርፍ ነው አልኩ። ላምቤቦ በትዝታ ቅኝት ከዶ ተነስቶ ከተጫወተ ፋን አይነካትም፣ ጎደለች ብሎም አያውቅም አልኩ። ደግሞም ለጥቂት ቀን ነው፣ ሌላ ሳገኝ እመልሳለሁ፣ ማን ይጎዳል? አልኩ። ካርዷን ነቅዬ በጋዜጣ ጠቀለልኩና ሆቴሉ ድረስ ሄጄ ገጠምኳት። ቅዳሜ ዕለት ሰዓት እላፊ ስለነበር እንግዳው ሁሉ እስኪነጋ እዚያው ነው። ዘፋኙ በመካከል ድምፅ ማጉያውን ይዞ፣ «ኢንጂነራችን እዚህ አለ» ሲል ሰው ዞሮ አየኝ። ተነስቼ እጅ ነሳሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ይህንን መደበቅ አልችልም። የዚያን ያህል ደስ ያለኝ ቀን ጥቂት ነው።

ላምቤቦ ኦርጋኑን ሊወስድ ሲመጣ ኦቦ ገመቹም ጋሪያቸውን ይዘው አብረው መጡ። ልጁ ተቀምጦ ሲጫወት ፋ ላይ ሲደርስ ኦርጋኑ ዝም አለ። ደግሞ ሞከረ። ቀና ብሎ አየኝ። ያኔ ያመለጠኝን ቃል ዛሬም ከእነድምፄ እሰማዋለሁ፤ «እርጥበት ነው። ጭድ ያልባል፤ እርጥበቱ የፋን ካርድ በልቶት ነው፣ አውጥቼ ጣልኩት» አልኩ። ስለ ኦቦ ገመቹ አላሰብኩም። እውነቴን ነው፣ ስለ ካርዷ እንጂ ስለ ሰውየው አላሰብኩም። ቀና ስል ግን ፊታቸውን አየሁት። በር ላይ ቆመው ኮፍያቸውን ከራሳቸው አወረዱ። «እኔ ጋ ነው የተበላሸው?» አሉ። ላምቤቦ ምንም አይደለም አባባ እያለ ያጽናናቸዋል። እሳቸው እኔን ነው የሚያዩት። መልሱን ከእኔ ነው የሚጠብቁት። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ።

ሳምንት ሳይሞላ ብቻቸውን ተመልሰው መጡ። አንድ ጠቦት በግ ይጎትታሉ። ከሱቄ አጥር ላይ አሰሩትና አጠገቤ ተቀመጡ። «ማሎ፣ እባክህ ልጄ» አሉኝ፣ «እንጨት ረብርቤ ነበር። ሰሌን አድርጌ ነበር። ከየት እንደገባ አላወቅሁም። አንተ ታውቃለህ አሉ፣ አድንልኝ። አደራ በላ ሆኜ አልሙት።» እኔም አስመጣለሁ፣ እሞክራለሁ፣ ትንሽ ይታገሡኝ አልኩ። በጉን መልሱ ማለት ከብዶኝ ሳይሆን ቢመልሱት እውነቱ የሚታወቅ መሰለኝ። እሁድ አረድነው። የሻይ ቤቱ ባለቤትም፣ ጓደኞቼም በሉ። ጥብሱ ጥሩ ነበር ብሎ መጻፍ ያሳፍራል፣ ግን ጥሩ ነበር።

ካርዷን እመልሳለሁ ብዬ እውነትም አስቤ ነበር። ሁለት ሦስት ጊዜ ሆቴሉ ድረስ ሄጃለሁ። አንድ ቀን ግን ባንዱ ለትርኢት ወደ ውጭ አገር ወጣ ተባለ፣ ኦርጋኑም ሰዎቹም በዚያው ቀሩ። ላምቤቦ ያለ ፋ መጫወት ለመደ። በግልጽ መዘመር ከተቻለ በኋላም መዝሙሩን ሁሉ ከዶ ያስነሳ ነበር፤ ሴቶቹ ሲወጣባቸው ድምፃቸው እየተሰነጠቀ ይዘምራሉ፣ ወንዶቹ ሲወርድባቸው ያጉረመርማሉ፤ የመካኒሳ ጴንጤ ሲዘምር ከሩቅ ይታወቃል እየተባለ ይቀለድ ነበር። እኔም ሻይ ቤቱ ውስጥ ተቀምጬ አብሬ ስቄያለሁ። ኦቦ ገመቹን በመንገድ ሳይ ወደ ቆርቆሮዬ እገባለሁ። ኋላ ላምቤቦ ወደ አገሩ ተመልሶ እዚያው አረፈ፣ እርሻው ቤት ተሠራበት፣ የሱቄ ቦታ አሁን የስልክ መሸጫ ነው። ነገሩ ከእነሰዎቹ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ለቡ አራተኛ ፎቅ ላይ ዘነበች ውሃውን አመጣችልኝ። ሃምሳ አምስት ያህል ይሆናታል፤ አባቷን በግንባሯ ትመስላለች። ያን ጊዜ ልጅ ሆና ላምቤቦ ሲጫወት እግሩ ሥር እየተቀመጠች ነው ወደዚያ እምነት የገባችው፤ ቤተክርስቲያኑ አዲስ ኪቦርድ ሲገዛ አሮጌውን አባትሽ የደበቀው ነውና ላንቺ ይሁን ብለው ሰጧት። ክዳኑ ክፍት ነው። አሥራ አንድ ካርድ ቆሟል፣ የአንዱ ቦታ እንደ ወለቀ ጥርስ ባዶ ነው። «እርጥበቱ የበላው እሱ ነው አይደል?» አለችኝ ጣቷን ቀስራ። ውሃውን ጠጣሁ። ከዚያ ሳልጠይቃት ስለ አባቷ ታወራኝ ጀመር። ኦቦ ገመቹ ከዚያ በኋላ በሰው ዕቃ ላይ እጃቸውን አላሳረፉም። የዕድሩን ድንኳን በአንድ ቀን ጭነው መለሱ። የባልቴቷን ዘር፣ የሰዎቹን ወረቀት፣ ሁሉንም ለየባለቤቱ አስረከቡ፤ ሰው ምን አስቀየምናቸው እያለ ቢለምናቸውም እምቢ አሉ። ታናሽ ወንድማቸው ታሞ ሊሞት ሲል ልጁን አደራ ሊላቸው አስጠራቸው፤ ኦቦ ገመቹ እስከ በሩ ደርሰው ተመለሱ። «ሳጥን መጠበቅ ያልቻለ ሰው ልጅ ይጠብቃል?» ብለው ነው የተመለሱት። ልጁን የእናቱ ዘመዶች ወሰዱት፣ አድጎ ሹፌር ሆኗል፣ እስካሁን አጎቴ ጠልቶኝ ነው ይላል።

ይህን ስትነግረኝ አታማርርም፤ የአባቷን ጠባይ የምትተርክልኝ ነው የሚመስላት። የመጨረሻውን የነገረችኝም እንደዚያው ቀለል አድርጋ ነው። ኦቦ ገመቹ ሊያርፉ ሲሉ ጠርተዋት፣ ያ ነገር የተሠራ ዕለት ባለቤቶቹ ፊት ቆመሽ ገመቹ ይቅር በሉኝ ብሏል በይልኝ አሏት። እሁድ በዓሉ ላይ ኦርጋኑ ሲሰማ ትነሳለች፣ በጉባኤው ፊት በአባቷ ስም ይቅርታ ትጠይቃለች። ለሽማግሌዎቹም ነግራቸዋለች፣ በፕሮግራሙ ላይ ተይዞላታል። «እርስዎ ካዳኑልኝ አባቴ ያርፋል» አለችኝ። በዚያች ሰዓት መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩና ትራንስፎርመሩ ደህና ነው አልኳት።

ቤቴ ገብቼ ካርድ መሥራት ያዝኩ። የብየዳው ጫፍ ሁለት ሆኖ ይታየኛል። ጥቅሉን ከአሮጌ ሬዲዮ አወጣሁት፣ ሌላውን ከሱቅ ገዛሁ። ለዓመታት የተኛውን ኦርጋን ራሱንም ቢሆን ዝም ብሎ ሶኬት ላይ መሰካት ራሱን ስቶ የወደቀን ሰው ተነስና ሩጥ እንደ ማለት ነው፤ ከመስመሩ ጋር አንድ አምፖል በተከታታይ አስራችሁ ነው የምታስነሱት፤ እኔም መጀመሪያ ቀን እሷ ቤት ያደረግሁት ይህንኑ ነው። አምፖሉ በርቶ ካልደከመ አንድ ቦታ ተያይዟል ማለት ነው፤ በርቶ ቀስ እያለ ከፈዘዘ ኦርጋኑ ትንፋሽ እያገኘ ነው። ካርዷን ስሠራና ስሞክር ሳምንቱ አለቀ። ስሠራ ጥሩ ሐሳብ መጣልኝ፦ ካርዷን ቅዳሜ ገጥሜ እሰጣታለሁ፣ ትነሳለች፣ ይቅርታ ትጠይቃለች፣ ሰዉ ያለቅሳል፣ ኦቦ ገመቹም ያርፋሉ። ማን ይጎዳል? ይህችን ጥያቄ ከዚህ በፊትም ጠይቄያት እንደማውቅ ትዝ ያለኝ ቅዳሜ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ነው። ካርዷ እግሬ ላይ ነበረች፣ በጋዜጣ ተጠቅልላ።

ቅዳሜ ፋ ጮኸች። በጥርስ ብሩሹ ካቻቪቴ ከዶ ጋር አስተካከልኳት፣ ከላይ እስከ ታች ያለው ፋ ሁሉ ተራ በተራ መለሰ። ዘነበች ከኩሽና እጇን እያደረቀች መጣች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቷል፣ እጄን ልትስም ጎንበስ አለች። እጄን ነጠቅኳት።

«እርጥበት አልነበረም» አልኳት።

አልገባትም። ቁጭ በይ አልኳትና ከቢራው ጀምሬ ነገርኳት፤ ጠረጴዛውን፣ በጉን፣ ሁሉንም። ሳወራ ኦርጋኑን ነው የማየው፣ እሷን ማየት አቃተኝ። ታች ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ አንዷ እናት ከመስኮት ትጣራለች።

«አባቴ ሲሞት ያውቅ ነበር?» አለችኝ።

«አያውቁም ነበር።»

«ጎተራውስ?»

«ያ ጎተራ ከእኔ ሱቅ ደረቅ ነበር። ክዳኑን ስከፍት አንዲት ሻጋታ አላየሁም።»

በሩን ከፈተችልኝ። ይቅር ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፣ ይህንንም አልደብቅም፤ እነሱ ቶሎ ይቅር የሚሉ ሰዎች ናቸው ሲባል እሰማለሁ። ጫማዬን እያሰርኩ ሳለሁ ከላዬ ቆማ፣ «ነገ እኔ አልነሳም፤ እርስዎ ነዎት የሚነሱት» አለችኝ።

እሁድ ሄድኩ። በእንዲህ ያለ ጉባኤ ቆሜ አላውቅም፤ አዳራሹ ሞልቶ ሰው በደጅ ወንበር ይዟል፣ ወጣቶቹ አንድ ዓይነት ሸሚዝ ለብሰዋል። አንዲት ልጅ ኦርጋኑን ተጫወተች። ከዶ አልነበረም የተነሳችው፤ ሴቶቹ ሳይጨነቁ፣ ወንዶቹ ሳያጉረመርሙ ሲዘምሩ ሰማሁ። ከዚያ የአቶ ገመቹ ቤተሰብ ተብሎ ተጠራ። እኔ ተነሳሁ። አጭር አድርጌ ተናገርኩ፤ ካርዷን የሰረቅኩ እኔ ነኝ፣ እርጥበት ያልኩት ውሸት ነው፣ ኦቦ ገመቹ ያንን ውሸት ተሸክመው ሞቱ አልኩ። ምስክርነት መሰላቸው መሰለኝ፣ ገና ሳልጨርስ አሜን ማለት ጀመሩ። ስጨርስ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እልል ተባለ። አንድ ሽማግሌ መድረኩ ላይ ወጥቶ አቀፈኝና ጌታ ይቅር ብሎሃል፣ እኛም ይቅር ብለንሃል አለኝ፤ ደጋግሞ ጀርባዬን መታኝ። እንደ ሙሽራ ቆምኩ። አርባ ዓመት የተሸከምኩት ነገር በሁለት ደቂቃ ተነሳልኝ፣ ያነሱልኝ ሰዎች ግን ምን እንዳነሱ አላወቁም። ከዚያ ሁሉ ሰው ያን ጊዜ የነበሩት ሦስት ወይም አራት አሮጊቶች ብቻ ናቸው።

ዘነበች ከሦስተኛው ረድፍ ተነሳች። ጭብጨባው እስኪያልቅ በመተላለፊያው ላይ ቆማ ጠበቀች። ሳታየኝ መጥታ ከእጄ ድምፅ ማጉያውን ወሰደች።

«የገመቹ ልጅ ነኝ» አለች። «አባቴ ምንም አላበላሸም።»

አሜን ያለ የለም። ማጉያውን ለሽማግሌው አቀብላ ወደ ቦታዋ ሄደች፣ ተቀመጠች፣ ቦርሳዋን እግሯ ላይ አደረገች። እኔ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የት እንደምቀመጥ አላወቅሁም።